የፍልፈል ቁልል እንዴት ይነበባል? በበልግ ወጥመድ ከማጥመዳችሁ በፊት

መንዝ ውስጥ የበልግ ገብስ የዘራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የካቲት ላይ ዝናቡ ሁለት ሦስት ቀን መሬቱን ያርሰዋል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ማሳችሁ ላይ ስትደርሱ ትናንት ያልነበረ የአፈር ቁልል ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፤ ከድንበሩ ተነስቶ ወደ ቡቃያው መሃል የሚሄድ። ፍልፈል ነው። በጋውን መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ሳለ ብዙም ሳይታይ ከርሞ፣ አፈሩ ሲለሰልስለት ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይናደድና ቁልሉን በዶማ ንዶ ወጥመዱን እዚያው ይቀብረዋል። በማግስቱ ሲመጣ ወጥመዱ በአፈር ተደፍኗል፣ ፍልፈሉ የለም፣ አጠገቡ ሌላ አዲስ ቁልል ተነስቷል። እኔም ብዙ በልግ እንዲህ አሳልፌያለሁ። ያደግሁት መሐል ሜዳ አካባቢ ነው፤ ልጅ ሆኜ በአንድ ሳምንት አራት ወጥመድ አጥምጄ አንድም ሳልይዝ ቀረሁ። አያቴ አይተው አይተው አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ወጥመድህስ ምንም አይልም። ያጠመድክበት ቦታ ነው ክፉ። እሱ እኮ እዚያ ተመልሶ አይመጣም።»

«አፈሩ እዚህ አይደል እንዴ ያለው፣ አባባ?»

«አፈሩንማ ጥሎት ሄደ። አንተ ቤትህን ስትጠርግ ጥራጊው ላይ ትተኛለህ?»

ዛሬም ፍልፈል የሚያስቸግረው ሰው ሲጠይቀኝ የምጀምረው ከዚህ ነው። ቁልሉ ጥራጊ ነው። ፍልፈሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የት እንዳለ የሚነግራችሁ ግን ጥራጊው ነው።

እንስሳውን በጥቂቱ

የደጋው ፍልፈል ከቤት አይጥ በጣም ይበልጣል። ድብልብል ነው፣ አንገት ያለው አይመስልም፣ ጅራቱ አጭር ነው፣ ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ጆሮውም ፀጉሩ ውስጥ ተሸሽጓል። የፊት ጥርሶቹ ብርቱካናማ ናቸው፤ አፉን ዘግቶ እንኳ ከውጭ ይታያሉ። የሚቆፍረው በእነሱ ነው። አፈሩን በጥርሱ ይቆርሳል፣ በእግሮቹ ወደ ኋላው ይልካል፣ ሲጠራቀምበት ዞሮ በጭንቅላቱ እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል።

ሁለት ነገር በደንብ ያዙልኝ። አንደኛው፣ ፍልፈል ብቻውን ነው የሚኖረው። እናት ከግልገሎቿ ጋር ካልሆነች በቀር አንድ ጉድጓድ የአንድ ፍልፈል ነው። ስለዚህ አሥር ቁልል አይታችሁ አሥር ፍልፈል አለ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የአንዱ የሦስት ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ቤቱ ሲከፈት አይወድም። ብርሃንና ነፋስ ከገባበት መጥቶ ይደፍነዋል። ፍልፈልን ማጥመድ የሚቻለውም በዚህ ጠባዩ ነው። ምግብ አስቀምጣችሁ አትጠሩትም፤ መንገዱን ከፍታችሁ ነው የምትጠሩት።

ፍልፈል መሆኑን አረጋግጡ

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ድንች ማሳ ላይ የሌላውን ጥፋት በፍልፈል የሚያላክክ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ በዚህ የተነሳ ሳምንት ሙሉ ለሌለ እንስሳ ወጥመድ ያጠምዳል።

ጃርት ድንቹን ከላይ ቆፍሮ ነው የሚያወጣው። ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ዙሪያውን የተጋጠ ቁራሽ ተበትኖ ታያላችሁ፣ አንዳንዴም ጥቁርና ነጭ እሾሁን ጥሎላችሁ ይሄዳል። የሚሠራው በሌሊት ነው። አይጥ ደግሞ ትንሽ ክፍት ቀዳዳ አላት፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በሣሩ መካከል ተረግጣ የለሰለሰች ቀጭን መንገድም አላት። ወደ ቆላው፣ ወደ ቀወት ወረድ ስትሉ ከርከሮ መሬቱን በአፍንጫው ገልብጦ እንደታረሰ አድርጎት ታገኛላችሁ።

ፍልፈል ከሁሉም የሚለየው በሩን ክፍት ስለማይተው ነው። ቁልል አለ፣ ቀዳዳ የለም። ጉዳቱም ከሥር ነው። የገብሱ ቡቃያ ጎረቤቶቹ ለምልመው እሱ ብቻውን ይጠወልጋል፤ ሳብ ስታደርጉት ያለ ሥር እጃችሁ ላይ ይመጣል። አንዳንዴ ቡቃያው ራሱ ወደ ታች ተስቦ ጫፉ ብቻ ከመሬት ብቅ ብሎ ይታያል። ድንቹ ከላይ ምንም ሳይነካ ቅጠሉ ይዝላል፤ ስትቆፍሩት ግማሹ የለም፣ የቀረው ግማሽ ላይ ጎን ለጎን የሄዱ የጥርስ መስመሮች አሉ። ካሮትም እንዲሁ ነው፦ አናቱና ቅጠሉ ቦታው ላይ ይቆማል፣ ሥሩ ተበልቷል።

አዲሱን ከአሮጌው መለየት

ቁልሉ አጠገብ ተንበርከኩና እፍኝ አፈር አንሱ። የዛሬ ከሆነ ውስጡም ላዩም እኩል እርጥብ ነው፣ ከዙሪያው መሬት ጠቆር ይላል፣ በጣት ስትጫኑት ይፈረፈራል፣ መሃሉ ላይ ገና ነጭ የሆኑ የተቆረጡ ሥሮች ታገኛላችሁ። የሰነበተ ከሆነ ላዩ ቅርፊት ሠርቷል፣ ሥሮቹ ቡናማ ሆነው ደርቀዋል፣ ጠርዙ ላይ ሣር መብቀል ጀምሯል።

ከሁሉ የምወደው ሰዓት ቆጣሪ ዝናብ ነው። ሌሊት ዘንቦ ካደረ ቁልሉን ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱት። ላዩ በጠብታ ተበሳስቶ ከሆነ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት የወጣ ነው። ለስላሳና ያልተመታ ከሆነ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ማለትም ዛሬ ጠዋት ነው የተገፋው። በእንዲህ ያለው ቀን ፍልፈሉ ከእግራችሁ ሩቅ አይደለም። ዝናብ ከሌለ ጤዛውን እዩ። ሣሩ ላይ የወረደው ጤዛ ቁልሉ ላይም ካለ የትናንት ነው፤ ቁልሉ ብቻውን ከጤዛ ነፃ ከሆነ ጤዛው ላይ ነው የወጣው።

በዓይን መለየት ካልሆነላችሁ ቀላሉ መንገድ ይኸው። ማታ ላይ የማሳውን ቁልል ሁሉ በአካፋ ደልድሉት፣ ወይም በእግራችሁ ጠፍጥፉት። በማግስቱ እኩለ ቀን ተመለሱ። እንደገና የተነሳው ብቻ ነው የሚሠራ ቤት። አንድ ጊዜ ሃያ ሦስት ቁልል ደልድለን በማግስቱ የተነሱት አራት ብቻ ነበሩ፣ አራቱም በአንድ መስመር ላይ። አንድ ፍልፈል ነበር። ያን ቀን ይህን ባናደርግ ሃያ ሦስት ቦታ እንቆፍር ነበር።

መስመሩ ወዴት ይሄዳል?

አሁን ቀና በሉና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከተቻለ ተዳፋቱ ላይ ወጣ ብላችሁ ወደ ታች እዩት። ቁልሎቹ በመስመር ከሄዱ ፍልፈሉ ምግብ ፍለጋ እየገፋ ነው። በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ትልልቅ ሆነው፣ አሮጌና አዲስ ተደባልቀው ከተከመሩ መኖሪያው እዚያው አካባቢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እኛ ጋ መኖሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ድንበር ላይ ወይም እርከን ውስጥ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማሳው በየዓመቱ ይታረሳል፣ ማረሻ የላይኛውን መሿለኪያ ይንደዋል። ድንበሩን ግን ማንም አይነካውም፤ ሣሩም ሥሩም እዚያ አለ፣ ውሃም አይተኛበትም። ስለዚህ መስመሩን ከማሳው መሃል ወደ ኋላ ተከተሉት። ከትኩሱ ወደ አሮጌው ስትሄዱ ወደ ቤቱ እየቀረባችሁ ነው፤ ከአሮጌው ወደ ትኩሱ ስትሄዱ ወደ ጥርሱ።

ወጥመድ የሚጠመደው በሁለቱ መካከል ነው። ትኩሶቹን ሁለት ቁልሎች ምረጡ፣ በመካከላቸው ባለው መሬት ላይ ቀጭን ፌሮ ወይም የተሳለ እንጨት ይዛችሁ በየጋቱ እየወጋችሁ ሂዱ። መሬቱ እኩል እየተቃወማችሁ ቆይቶ በድንገት ብረቱ ወደ ውስጥ ስምጥ ይላል። ያ ባዶው መሿለኪያው ነው። ምግብ የሚፈልግበት መሿለኪያ ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ካላገኛችሁት ወደ ግራና ቀኝ ፈቀቅ እያላችሁ ውጉ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ቁልሉም ከዋናው መንገድ ወደ ጎን በወጣች አጭር ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ቁልሉ ላይ ያጠመደ ሰው የማይቀናውም ለዚህ ነው፤ ቅርንጫፏ ሥራዋን ጨርሳ ተደፍናለች።

ስትራመዱ ቀስ በሉ። ፍልፈል የእግር ኮቴ ይሰማል። ልጆችና ውሻ ማሳው ላይ እየሮጡ ፍልፈል አጠምዳለሁ ማለት ዘበት ነው።

ክፈቱና ጠብቁ

የሥራው እምብርት ይህ ነው፣ በደንብ ተከታተሉኝ።

ባዶው በተገኘበት ላይ ክንድ የሚያህል ርዝመት በጥንቃቄ ክፈቱ። ዶማውን ጣሉና የመጨረሻውን በእጅ ጥረጉት፤ መሿለኪያው በፈረሰ አፈር እንዳይሞላ። አሁን ሁለት አፍ ይታያችኋል፣ አንዱ ወደ ድንበሩ፣ አንዱ ወደ ማሳው። ግድግዳውን ተመልከቱ። ትኩስ መንገድ ከሆነ ግድግዳው በመመላለስ ብዛት ለስልሶ እርጥበቱ ያብረቀርቃል፤ ገና በተቆፈረው በኩል ደግሞ ጎን ለጎን የተጫሩ የጥርስ መስመሮች ጣሪያው ላይ ሳይቀር ይታያሉ። የሸረሪት ድር ካለ፣ ወይም ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ቀጫጭን ሥሮች ሳይቆረጡ መንገዱን ካቋረጡት፣ የተተወ ነው። ዝጉትና ሌላ ፈልጉ።

ሕያው ከሆነ ወጥመድ ገና አታጥምዱ። እንዲሁ ከፍታችሁ ተዉት። ሄዳችሁ ሌላ ሥራ ሥሩ፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ከሁለቱ አፎች አንዱ ተደፍኖ ታገኙታላችሁ። የተደፈነው አፍ የሚነግራችሁ ፍልፈሉ በየትኛው በኩል እንዳለ ነው። አፈሩ ከውስጥ ወደ እናንተ ተገፍቶ፣ በመዳፍ የተጠቀጠቀ ጭቃ መስሎ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ድንበሩ በኩል ያለው ከተደፈነ ቤቱ ነው ያለው፤ ማሳው በኩል ያለው ከተደፈነ ሲበላ ነው የከፈታችሁበት። ሁለቱም ክፍት ሆነው ካደሩ ወይ ቤቱ ባዶ ነው ወይ እናንተን ሰምቷል፤ አንድ ቀን ጨምሩለት።

ሰዓቱም ቁም ነገር አለው። ፍልፈል በብዛት የሚንቀሳቀሰው በቀን ነው። የመንዝ ጠዋት ብርድ ነው፤ ከ4 ሰዓት በፊት ብትከፍቱም ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚላችሁ። ፀሐይ መሬቱን ሞቅ ስታደርገው፣ ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ አመሻሹ ድረስ፣ ቶሎ ይመጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ወጥመዱ

አሁን የት እንዳለ አወቃችሁ፤ የቀረው ቀላል ነው። የተደፈነውን አፍ እንደገና በእጃችሁ ክፈቱ። ከቀጭን ሽቦ ወይም ከጠንካራ ሲባጎ ሸምቀቆ ሥሩ፣ ስፋቱ ከመሿለኪያው ግድግዳ ጋር ልክ ይሁን። ፍልፈሉ ሲያልፍ ሸምቀቆው ፊቱን ከነካው ይመለሳል። የሸምቀቆው ጫፍ በጣሪያው ላይ በከፈታችኋት ቀጭን ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ጎን መሬት ላይ በደንብ የተተከለ ለምለም የባሕር ዛፍ ዘንግ ጎብጦ ይታሰርበታል። ዘንጉን ጎብጦ የሚይዘው ትንሽ እንጨት ከሸምቀቆው ወዲህ፣ በናንተ በኩል፣ መሿለኪያው ውስጥ ይቆማል። ፍልፈሉ ሊደፍን አፈር እየገፋ ሲመጣ ሸምቀቆው ውስጥ ያልፋል፣ አፈሩ እንጨቱን ይገፋዋል፣ እንጨቱ ሲለቅ ዘንጉ ይቀናል።

ርቀቱ ነው ሰው የሚስተው። እንጨቱ ለሸምቀቆው ከተጠጋ አፈሩ ብቻ አልፎ ወጥመዱ ባዶውን ይፈተለካል። ፍልፈሉ ከፊቱ አፈር ይዞ እንደሚመጣ አስቡ። ከሸምቀቆው እስከ እንጨቱ ግማሽ ስንዝር ያህል ክፍተት ስተዉ ነው አፈሩ እንጨቱን ሲደርስ ደረቱ ሸምቀቆው ውስጥ የሚገኘው። ከመነሳታችሁ በፊት እጃችሁን፣ ሽቦውንም፣ እዚያው አፈር እሹት። ጉድጓዱን ሙሉ በሙሉ አትክደኑ፤ ትንሽ ብርሃን ካልገባ የሚደፍነው ነገር የለውም።

በየሰዓቱ እየሄዳችሁ እዩት፤ አጥምዳችሁ አትደሩ። የተያዘው ካልሞተ በአንድ ምት ጨርሱት፣ ሲሰቃይ አይቆይ። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ጥርሱ ጣት ይበሳል።

ወጥመድ የሌለው ሰው ዶማ ይዞ መጠበቅ ይችላል። ከፍቶ፣ ጥላው ቀዳዳው ላይ ሳያርፍ፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል። አፈሩ ሲነቃነቅ አይመታም፤ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ግፊት ይጠብቃል። ከዚያ ዶማውን ከፍልፈሉ ኋላ ሰክቶ መመለሻውን ይቆርጥበታል። አያቴ ከወጥመዱ ይልቅ ይህን ነበር የሚመርጡት። ትዕግሥት ላለው ሰው እኔም እመርጠዋለሁ።

መርዝ አታስገቡ

ይህን የምለው ከልቤ ነው። የአይጥ መርዝ ፍልፈሉ ጉድጓድ ውስጥ የሚጨምር ሰው አለ። የተመረዘ ፍልፈል መሬት ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ደክሞ ሊወጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ ውሻችሁ ይበላዋል፣ ጭልፊት ያነሳዋል፣ ወይም ቀይ ቀበሮ። እኛ ደግሞ የጓሳ፣ መንዝ ውስጥ ሕዝቡ የሚጠብቀው የሣር ደጋ፣ ጎረቤቶች ነን። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ከእነሱ ጥቂቶቹ ጓሳ ላይ ይኖራሉ፤ ከሚበሉት አንዱ ይኸው ፍልፈል ነው። ጓሳ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከቀደምት አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ ዘመን አንስቶ፣ ቀሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ቦታ ነው። የ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ካፈረሰው በኋላ እንኳ ሕዝቡ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል። ስለዚህ ጓሳ ውስጥ ፍልፈል አይጠመድም፤ እዚያ ያለው ፍልፈል የቀበሮው ነው። የምናጠምደው የዘራነው ማሳ ላይ ብቻ ነው።

ማንበብ መማር የምትፈልጉ ግን ጓሳ ሄዳችሁ ቀበሮውን ራቅ ብላችሁ ተመልከቱት። ጆሮውን አቁሞ በቀስታ ይራመዳል፣ አንድ ቁልል አጠገብ ይቆማል፣ አንዳንዴም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አሮጌ ቁልል አጠገብ ሲቆም አላየሁም።

ሌላ እንስሳ በተመለከተ ደግሞ፣ ጃርትም ሆነ ከርከሮ ቢያስቸግራችሁ በራሳችሁ ወጥመድ ከማጥመድ በፊት የወረዳውን ግብርና ባለሙያ አናግሩ። የዱር እንስሳት አዋጅ አለ፤ ያለ ፈቃድ ማደን ያስጠይቃል።

ከተያዘ በኋላ

ከያዛችሁ በኋላ ቁልሎቹን ሁሉ እንደገና ደልድሉ፤ መሿለኪያውን በረገጣችሁት አፈር ድፈኑና ሦስት ቀን ጠብቁ። ምንም ካልተነሳ ጨርሳችኋል። ባዶ ቤት ግን ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ጎረቤት ፍልፈል ሊገባበት ይችላል፣ በተለይ ዝናቡ ከቀጠለ። አዲስ ቁልል ከድንበሩ በኩል ከመጣ አዲስ ተከራይ ነው። ከማሳው መሃል ከተነሳ ግን ያመለጣችሁ ሁለተኛ ፍልፈል ቀድሞም እዚያ ነበር። ሁለቱም ቢሆን ከፌሮው ጀምሩ፣ ገብሱ ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ። ከዚያ በኋላ ቡቃያው መሬቱን ስለሚሸፍነው ቁልሉን ማየትም፣ ሳይረግጡ መድረስም አይቻልም።